ጠፍጣፋ ሰሌዳን በኤክሳይተር ስፒከር ማድረግ፦ ከምርጫ እስከ ብልሽት ማረም

ኤክሳይተር ገዝተው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ «ድምፅ የለውም» እያሉ የሚያመጡልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የተሳሳተው የተለጠፈበት ነገር፣ የተለጠፈበት ቦታ ወይም የተለጠፈበት መንገድ ነው። ይህን መመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ በገዛ እጄ ሠርቼ፣ አበላሽቼ፣ ደግሜ ሠርቼ ካየሁት ጽፌዋለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 5ን።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ኤክሳይተር ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ያለው፣ ወረቀቱ ግን የሌለው ስፒከር ነው። ጥቅሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁን ወደ አየር የሚያወጣው የተለጠፈበት ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ውድ ኤክሳይተር በመጥፎ ሰሌዳ ላይ መጥፎ ይሰማል፤ ርካሹ ደግሞ በጥሩ ሰሌዳ ላይ ያስገርማል። ጊዜያችሁን ሰሌዳው ላይ አውሉ።

ደረጃ 1፦ ሰሌዳውን መምረጥ

ሰሌዳው ቀላልም ግትርም መሆን አለበት። ቀላል ሆኖ ልፍስፍስ ከሆነ ንዝረቱን ይውጠዋል። ግትር ሆኖ ከባድ ከሆነ ኤክሳይተሩ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም።

የመጀመሪያውን ኤክሳይተሬን የለጠፍኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ባለ የዘመድ ቤት፣ ኖራ በተቀባ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ነበር። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ካላስጠጋሁ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ያን የሚያህል ወፍራም ግንብ በአሥር ዋት አይነቃነቅም። ብሎክና ሲሚንቶም እንደዚያው ናቸው።

ምጣድ ወይም ጀበና የሚገዛ ሰው ሸክላውን በጣቱ መትቶ እንደሚያዳምጥ፣ ሰሌዳውንም በሁለት ጣት ጫፉን ይዛችሁ አንጠልጥሉትና በጣታችሁ አንጓ ምቱት። «ድብ» ብሎ ወዲያው ከሞተ ተዉት። ሞቅ ያለ ድምፅ ሰጥቶ ቀስ ብሎ ከጠፋ ውሰዱት። እንደ ደወል ረጅም ጊዜ ካቃጨለ ደግሞ በኋላ ማለዘብ ያስፈልገዋል።

በቀላሉ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

ነጭ ፎም፦ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚታሸግበት ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውና ሜዳ የሆነ ቁራጭ ካገኛችሁ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። በአነስተኛ ኃይል ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ኮምፐርሳቶ፦ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር። ድምፁ ከፎም የበለጠ የተረጋጋ ነው፤ ኃይል ግን ይፈልጋል። ከዚያ በላይ የወፈረውን አትግዙ።

ድርብ ካርቶን፦ ለልምምድ ጥሩ ነው።

መስታወት፦ ይሠራል፤ ቀጭኑን ድምፅ አጥርቶ ያወጣል፤ ወፍራሙን ግን አይሰጥም። ስንጥቅ ያለበት መስታወት ላይ በፍጹም አትለጥፉ።

የኮርኒስ ችፑድ፦ ይሠራል፤ የላላ ሚስማር ካለው ግን ኮርኒሱ በሙሉ ይንጫጫል።

ቆርቆሮ፦ ተዉት።

ለመጀመሪያ ሥራ 60 በ45 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል አይሁን፤ እኩል ሲሆን በሁለቱም አቅጣጫ ያለው ንዝረት በአንድ ድምፅ ላይ ይደራረብና ያ ድምፅ ብቻውን ይጮኻል። በጣም ያነሰ ሰሌዳ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያጣል።

ደረጃ 2፦ ኤክሳይተሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማመጣጠን

ኤክሳይተሩ ጀርባ ላይ ኦም (ጥቅሉ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) እና ዋት ፈልጉ። ለዚህ ሰሌዳ ከ10 እስከ 20 ዋት የሚችል፣ የጥቅሉ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ይበቃል። ቁጥሩ ከጠፋ በቴስተር ለኩ። ከ3 እስከ 4 ካነበበ ባለ 4 ኦም ነው፤ ከ6 እስከ 7 ተኩል ካነበበ ባለ 8 ኦም ነው። ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተበጥሷልና አትግዙት።

በአምፕሊፋየር ረገድ ቲፒኤ 3116 የተባለውን ቺፕ የያዙት ትናንሽ ቦርዶች ለዚህ ሥራ ምቹ ናቸው። ኃይላቸው ግን በምትሰጡት ቮልት ይወሰናል፤ ብዙ ኤክሳይተር የሚቃጠለውም እዚህ ላይ ነው። በ12 ቮልት ለባለ 8 ኦም ኤክሳይተር እስከ 9 ዋት ገደማ፣ ለባለ 4 ኦም ደግሞ እስከ 18 ዋት ገደማ ይሰጣሉ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የአሮጌ ላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 19 ቮልት ነው፤ በእሱ ብታስነሱት ለባለ 4 ኦም እስከ 45 ዋት ይደርሳል። ባለ 10 ዋቱ ኤክሳይተር በአንድ ዘፈን ውስጥ ይቃጠላል። ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ተጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ 220 ቮልት ያለበትን ክፍል አትክፈቱ፣ አትቀጥሉ። በአዳፕተር የሚመጣውን ዝቅተኛ ቮልት ብቻ ንኩ።

ኤክሳይተር ካጣችሁ ከትንሽ አሮጌ ስፒከር ማውጣት ይቻላል። ወረቀቱን ከዳር እስከ ጥቅሉ አጠገብ በምላጭ ቁረጡ። ከሥሩ ያለውን የተሸበሸበ ጨርቅና ወደ ጥቅሉ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ግን አትንኩ። የጥቅሉ አፍ ላይ የውሃ ጠርሙስ ክዳን በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ) አጣብቁ፤ ሰሌዳው ክዳኑ ላይ ይለጠፋል። እጃችሁ ካልለመደ ሁለት ሦስቱን ታበላሻላችሁና በተጣለ ስፒከር ተለማመዱ።

ደረጃ 3፦ ሽቦውን ማገናኘት

ከሰሌዳው በፊት ሽቦው ይቅደም፤ ለደረጃ 5 ድምፅ ያስፈልጋችኋል።

1. ኤክሳይተሩን በ1.5 ቮልት ባትሪ ነካ አድርጉት። «ጠቅ» ካለ ሕያው ነው። ባትሪውን አታቆዩበት።

2. ሽቦውን በካውያ በየዱት። ካውያውን ከሦስት ሰከንድ በላይ አታሳርፉ፤ ሙቀቱ እግሩ የተተከለበትን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።

3. ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንስ ካፓሲተር በፖዘቲቩ ሽቦ መሃል አስገቡ። ኤክሳይተር በጣም ወፍራም ድምፅ ሲሰጡት ጥቅሉ ከመጠን በላይ ይወራጫል እንጂ ሰሌዳው ያንን ድምፅ አያወጣውም። ለባለ 8 ኦም ሁለት ባለ 470 ማይክሮፋራድ፣ ለባለ 4 ኦም ሁለት ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ውሰዱ፤ ቮልታቸው 25 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የሁለቱን ኔጌቲቭ እግር እርስ በርስ በየዱ፤ የቀሩት ሁለት ፖዘቲቭ እግሮች መግቢያና መውጫ ይሆናሉ። ይህ ከ80 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን ይቀንሳል (ሄርዝ በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። አንዱን ብቻ ብትጠቀሙ ተገልብጦ ሊፈነዳ ይችላል።

4. የእነዚህን አምፕሊፋየሮች የግራና የቀኝ ኔጌቲቭ መውጫ አንድ ላይ አታገናኙ፤ ከአዳፕተሩ ኔጌቲቭም ጋር አታነካኩ። ቺፑ ይቃጠላል። ከመኪና ቴፕ የተረፈ ሽቦ ሲቀጥሉ በዚህ ምክንያት ቦርድ ያቃጠሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ሽቦ በምትቆርጡበትና ብረት በምትሞርዱበት ቦታ ኤክሳይተሩን በፌስታል ሸፍኑት። ማግኔቱ የብረት ብናኝ ይስባል፤ ብናኙ ጥቅሉ ጎን ከገባ ማውጣት ከባድ ነው።

ደረጃ 4፦ ሰሌዳውን ማዘጋጀት

ፎም ከሆነ፦ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ፊት በቀስታ አሹ፤ ዳሩን አለስልሱ፤ አራቱን ማዕዘን በብርጭቆ አፍ ለክታችሁ ክብ አድርጉ። ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ በጥብጡና በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ አንዱን ፊት ቀቡ። ሲደርቅ ሌላውን ቀቡ። አንዱን ፊት ብቻ ቀብታችሁ ከተዋችሁት ይቆለመማል። ኤክሳይተሩ የሚያርፍበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ቀቡ፤ ለስላሳ ፎም ቀጭኑን ድምፅ ይውጣልና ቦታው ጠንከር ማለት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎም ላይ ሱፐር ግሉ፣ የጫማ ማስቲሽ፣ ቤንዚን ወይም በጣሳ የሚነፋ ቀለም አታድርጉ። ፎሙ እንደ ስኳር ይሟሟል።

ኮምፐርሳቶ ከሆነ፦ አሸት አድርጋችሁ ሁለቱንም ፊት ስስ ቫርኒሽ ቀቡ። ከሥሩ ልጡ የለቀቀ ወይም አየር የያዘ ቦታ ካለ ሲመቱት ይለያል፤ እዚያ ጋ ይንጫጫልና ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት።

ደረጃ 5፦ ሳታጣብቁ ማዳመጥ

የሚዘለለው ይህ ነው፤ ሰሌዳ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ኤክሳይተር አንዴ ከተጣበቀ ሲላቀቅ የፎሙን ሥጋ ይዞ ይነሳል።

ኤክሳይተሩን ማግኔቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። የማጣበቂያውን መከላከያ ወረቀት አትላጡ። ቁመታቸው ከኤክሳይተሩ ጋር እኩል የሆነ አራት የስፖንጅ ቁራጮች ቁረጡና ሰሌዳውን በእነሱ ላይ አስተኙት፤ ኤክሳይተሩን በስሱ ይንካ። መነሻችሁ ከአንዱ ማዕዘን በርዝመቱ 24፣ በስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት አምስተኛ ማለት ነው። በትክክለኛው መሃል አታድርጉት።

አሁን አንድ ቁንጥር ጤፍ ሰሌዳው ላይ በትኑ። ነጭ ፎም ላይ ቀይ ጤፍ ጥሩ ይታያል። በስልካችሁ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያ ክፈቱና ከ100 ሄርዝ ጀምራችሁ እስከ 1000 ቀስ እያላችሁ ውጡ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሆንም። ከዚያ በአንድ ድምፅ ላይ ጤፉ ድንገት ይነቃል፤ ከሚንቀጠቀጠው ቦታ እየዘለለ ይሸሽና በማይንቀሳቀሰው ላይ እንደ ክር ቀጭን መስመር ሠርቶ ይቆማል። ትንሽ ከፍ ስትሉ መስመሩ ይፈርስና ሌላ ቅርጽ ይሠራል። ኤክሳይተሩ መሃል ላይ ካለ ጤፉ የሚነቃው በጥቂት ድምፆች ብቻ ነው፤ ወደ ጎን ሲወሰድ በብዙ ድምፅ ይነቃል። የምትፈልጉት ቦታ ጤፉ በብዙ የተለያየ ድምፅ የሚነቃበት ነው።

ቀጥሎ ጤፉን ጠርጉና የምታውቁትን ሰው ንግግር አጫውቱ። ሙዚቃ ስህተትን ይደብቃል፤ የሰው ድምፅ ግን አይደብቅም። ሰሌዳውን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እያንሸራተታችሁ አዳምጡ። ተናጋሪው ከጣሳ ውስጥ የሚናገር ከመሰለ ቀጥሉ። ቃሉ ሲጠራ በእርሳስ ክብ አስምሩ። እኔ ለአንድ ሰሌዳ ግማሽ ሰዓት እሰጣለሁ።

ደረጃ 6፦ ማጣበቅ

1. ቦታውን አጽዱ። መስታወትና ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ከፋርማሲ በሚገኝ አልኮል ይጠረግ፤ ፎም በደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል።

2. መከላከያ ወረቀቱን ላጡ፤ ማጣበቂያውን በጣት አትንኩ።

3. ክቡ ላይ አሳርፉና ዙሪያውን፣ ማጣበቂያው ያለበትን ቀለበት ብቻ፣ ለ15 ሰከንድ ተጫኑ። ማግኔቱን አትጫኑ፤ ጥቅሉ ከቦታው ይዛነፋል።

4. ሰሌዳውን አስተኝታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ሳታንጠለጥሉ አቆዩት። ማጣበቂያው ሙሉ ጉልበቱን የሚይዘው በሦስት ቀን ገደማ ነው።

ስለ ድሬዳዋ ሙቀት የተለየ ቃል አለኝ። ከዚራ ውስጥ ፀሐይ በምትመታው የአንድ ካፌ መስታወት ላይ ጠዋት የለጠፍኩት ኤክሳይተር በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በራሱ ክብደት ወደ ታች ተንሸራቶ ወደቀ። ሙቀት ማጣበቂያን ያለሰልሳል። ስለዚህ እዚህ የምትሠሩ ሰዎች ማጣበቁን በማለዳ አድርጉት፤ ፀሐይ የሚያገኘውን መስታወትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀጥታ ያለ ኮርኒስን ለባለ ማጣበቂያ ኤክሳይተር አትምረጡ። የግድ ከሆነ በሁለት ጣሳ የሚመጣውን ኤፖክሲ በቀለበቱ ላይ በስሱ ቀቡ፤ ወደ ጥቅሉ እንዳይፈስ ግን ሰሌዳውን ከታች፣ ኤክሳይተሩን ከላይ አድርጋችሁ አድርቁ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ይህ ችግር ያን ያህል አያስቸግርም።

ደረጃ 7፦ ማንጠልጠል

ሰሌዳውን ከላይ በሁለት ነጥብ በዓሣ ማጥመጃ ክር አንጠልጥሉት። ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። ሰሌዳው ከፊትም ከኋላም ድምፅ ይሰጣል፤ የኋላው ከግድግዳ ተመልሶ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋዋል። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁት።

ኤክሳይተሩ ከባድ ከሆነ የማግኔቱ ክብደት ከጊዜ በኋላ ጥቅሉን ወደ ታች ይጎትተዋል። መፍትሔው ሰሌዳውን በእንጨት ፍሬም ውስጥ ማንጠልጠልና ከፍሬሙ ጀርባ አንድ አግድም ጣውላ አሻግሮ ማግኔቱን በእሱ ላይ ማጣበቅ ነው። ጣውላውን የምታጣብቁት ሰሌዳው ቆሞ፣ ማግኔቱም ወደየትም ሳይገፋ መሆን አለበት። ሽቦውንም በፍሬሙ ላይ እሰሩት፤ በሰሌዳው ላይ እንዲንጠለጠል አትተዉት።

ሁለት ሰሌዳ ከሠራችሁ የሁለቱም ፖዘቲቭ በተመሳሳይ መንገድ ይገናኝ። በመካከላቸው ስትቆሙ ወፍራሙ ድምፅ ከጠፋ የአንዱን ሽቦ ገልብጡ።

ሲበላሽ

ጭራሽ ድምፅ የለም። ኤክሳይተሩን ከአምፕሊፋየሩ አላቁና በባትሪ ነካ አድርጉ። «ጠቅ» ካለ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ወይም ካፓሲተሩ ጋ ነው። ዝም ካለ የብየዳውን እግር እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው እሱ ነው።

በዝቅተኛ ድምፅ እንኳ ይፋጫል። ጥቅሉ ተዛንፏል ወይም ብናኝ ገብቶበታል። ማግኔቱን በጣት እጅግ በቀስታ ወደ ላይ ደገፍ አድርጉ። መፋጨቱ ከቆመ ችግሩ ክብደት ነው፤ የጀርባ ጣውላ ያስፈልገዋል። ካልቆመ ብናኝ ነው፤ የማጣበቂያ ናስትሮ ጫፍ አሾልቃችሁ ለማንሳት ሞክሩ።

ከፍ ሲል ይንጫጫል። ሰሌዳውን ከመክሰሳችሁ በፊት ክፍሉን አዳምጡ። አንድ ጊዜ ሐረር ውስጥ ለሁለት ሰዓት ሰሌዳ ስፈታና ስገጥም ቆይቼ፣ የሚንጫጫው ከሰሌዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ በጌጥ የተሰቀለ የብረት ሳህን ሆኖ ተገኘ። የቤቱ እመቤት ሳህኑን በመዳፏ ስትይዘው ዝም አለ። ከጀርባው ትንሽ ጨርቅ ብናደርግበት በዚያው ተፈታ። የመስኮት ቁልፍ፣ የመጋረጃ ቀለበትና የላላ ሚስማርም እንዲሁ ያታልላሉ።

አንድ ድምፅ ብቻ ይጮኻል። ወደ ጤፉ ተመለሱ። ሰሌዳውን አስተኙና የሚጮኸውን ድምፅ በመተግበሪያው ፈልጉ። ጤፉ ከፍ ብሎ የሚዘልልበት ቦታ ላይ ጥፍር የምታህል የስፖንጅ ወይም የላጲስ ቁራጭ በናስትሮ ያዙ። አሁንም ከጮኸ ወደ ዳር አንድ ጨምሩ። ከሦስት በላይ አታብዙ፤ ሰሌዳው ይሞታል።

ድምፁ ቀጭን ነው። ከዚህ ሰሌዳ የከበሮ ድምፅ አትጠብቁ። ሰሌዳው ከግድግዳ ምን ያህል እንደራቀ እዩ፤ ከዚያ በስልኩ ማስተካከያ ከ150 እስከ 250 ሄርዝ ያለውን ትንሽ ከፍ፣ ከ80 በታች ያለውን ወደ ታች አድርጉ። ብዙዎች 60 ሄርዝን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ የሚጨምረው ድምፅ የለም፤ ጥቅሉ ግን ይጎዳል። ወፍራም ድምፅ የግድ ካስፈለገ የተለመደ ሣጥን ስፒከር መሬት ላይ ጨምሩ።

ኤክሳይተሩ ለቀቀ። አሮጌውን ማጣበቂያ ሙሉ በሙሉ ላጡ፤ በላዩ ላይ አትደርቡ። ፎሙ ከተቦደሰ ቦታውን በኮላና በስስ ወረቀት ሁለት ድርብ ሸፍኑ፤ ሲደርቅ አሹና በኤፖክሲ መልሱት።

ማግኔቱ ይግላል። ለብ ማለቱ ያለ ነው። ጣታችሁን አምስት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ ድምፁን ወዲያው ቀንሱና የአዳፕተሩን ቮልት ከደረጃ 2 ጋር አስተያዩ። ማታ መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁ ሰኩት።